የሂካ ፍቺ

ባለፈው እትም አንድ ባልንጀራችን ስለ ፍሬድሪክ ዳግላስ ሕይወት ጥሩ ጽሑፍ አቅርቦልን ነበር። ዳግላስ በአሜሪካ በባርነት ተወልዶ፣ በ1838 ከጌታው አምልጦ፣ በ1845 የገዛ ሕይወቱን ታሪክ በመጽሐፍ አሳትሞ፣ ቀሪ ዕድሜውን ለጥቁር ሕዝብ መብት ሲሟገት የኖረ ሰው መሆኑን ያላወቅን ዐውቀናል፤ ያወቅንም አስታውሰናል። ምስጋናችን ይድረሰው። ባልንጀራችን ግን ጽሑፉን ከመዝጋቱ በፊት ብዕሩን ወደ አገር ቤት መለስ አደረገና «የእኛ አገር አንድ ዳግላስ አላፈራም፤ ከባርነት የወጣው ሁሉ ወይ ሰባኪ ሆኗል፣ ወይ የሰው ቤት አገልጋይ ሆኖ ቀርቷል» አለ። ለምሳሌም ኦነሲሞስ ነሲብን ጠራ። «መጽሐፍ ቅዱስ ተረጎመ እንጂ ባርነትን አልታገለም» ብሎ በአንድ መስመር ዘጋቸው። ዛሬ ብዕር ያስነሣችን ይህች አንድ መስመር ናት።

ሌላም ነገር አለ። አዘጋጆቻችን ወረቀት እያነሰ በመሄዱ ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ የልጆችን ዓምድ፣ ይኸውም እንቆቅልሹንና ተረቱን፣ አስቀርተው ቦታውን «ለቁም ነገር ጽሑፍ» ሊሰጡት ማሰባቸውን ሰምተናል። ሁለቱ ጉዳዮች የማይገናኙ ይመስላሉ። በእኛ አስተያየት ግን አንድ ጉዳይ ናቸውና አንባቢ ጥቂት ይታገሠን።

በመጀመሪያ የሰውየውን ሕይወት ባጭሩ እናስቀምጥ፤ ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ሂካ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ አባቱ ሞተበት። ከዚያም ባሪያ ፈንጋዮች ነጥቀው ወሰዱት፤ ከጌታ ወደ ጌታ እየተሸጠ ምጽዋ ወደብ ደረሰ። በ1870 ቬርነር ሙንሲንገር የተባለ ስዊሳዊ ነጻ አወጣውና በዚያ ለነበሩት የስዊድን ሚሲዮናውያን ለትምህርት ሰጠው። በ1872 ተጠመቁ፤ ስማቸውም ኦነሲሞስ ተባለ። ከ1876 እስከ 1881 ስዊድን አገር፣ ስቶክሆልም፣ ዮሐነሉንድ በተባለው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። (አንባቢ ልብ ይበል፤ ነጻ እስከሚወጣ ድረስ «ተወለደ» እና «ደረሰ» ስንል ቆይተን ከዚያ ወዲህ «ተጠመቁ» እና «ተማሩ» አልን። ባሪያ አንቱ ተብሎ አያውቅምና ነው። ይህ የአንተና የአንቱ ነገር ኋላ ስለሚያስፈልገን እዚህ ላይ ይቆየን።)

አሁን ስሙን እንመልከት። «ሂካ» በኦሮምኛ ፍቺ፣ ትርጉም ማለት ነው። ግሱ ብዙ ሥራ ይሠራል፤ ገመድ የፈታም፣ ሕልም የፈታም፣ ቃል የተረጎመም በዚሁ አንድ ግስ ይነገርለታል። አማርኛችንም ከዚህ አይርቅም። እስረኛ እንፈታለን፤ እንቆቅልሽ እንፈታለን፤ ለከባድ ቃል ፍቺ እንሰጣለን። ሁለቱ ቋንቋዎች በጉርብትና ስለኖሩ ይሁን ወይስ የሰው ልጅ ሐሳብ በየትም አንድ ስለሆነ፣ እርሱን ለቋንቋ ሊቃውንት እንተወው። ባልንጀራችን «ተረጎመ እንጂ አልታገለም» ሲል መፍታትን ከመፍታት ለይቶ መናገሩ እንደሆነ ግን ልናሳስበው እንወዳለን። ወላጆቹ ስሙን ሲያወጡለት ይህን ሁሉ ዐውቀው ነበር ማለታችን አይደለም። ስሙ ሥራውን ጠብቆት መገኘቱ ግን ደስ ይላል።

ሚሲዮናውያኑ የሰጧቸው ስም ደግሞ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ጳውሎስ ወደ ፊልሞና የላካትን አጭር መልእክት ያነበበ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ኦነሲሞስ ከጌታው ከፊልሞና ተለይቶ ወደ ጳውሎስ የመጣው ባሪያ ስም ነው፤ ጳውሎስም ደብዳቤ አስይዞ ወደ ጌታው መልሶ ላከው። ቃሉ በግሪክኛ «ጠቃሚ» ማለት ነው። እንግዲህ ከባርነት ለወጣ ልጅ የባሪያ ስም፣ ያውም «ጠቃሚ» የሚል፣ መስጠት ምን ይባላል? ሰጪዎቹ በቅን ልቦና እንዳደረጉት አንጠራጠርም። እኛ ግን አልወደድነውም። ዕድሜ ልክ በተጠራ ቁጥር የትናንቱን የሚያስታውስ ስም ነው። ሰውየውስ ምን አደረጉ? ስሙን አልጣሉትም፤ ስለ ስሙም ሙግት አልገጠሙም። በ1893 አዲስ ኪዳንን በኦሮምኛ አሳተሙ። ያም ማለት ያችን ወደ ፊልሞና የተላከችውን ደብዳቤ ቃል በቃል በእናታቸው ቋንቋ መጻፍ ነበረባቸው ማለት ነው። ባሪያ፣ ጌታ፣ ወንድም የሚሉትን ቃላት፣ በመካከላቸውም የገዛ ስማቸውን፣ በኦሮምኛ ጽፈዋል። ያን ቀን ብዕሩ እንዴት ይዞላቸው እንደነበረ የሚነግረን የለም። ከትርጉም ሥራ ውስጥ እንዲህ ያለ ቀን የገጠመው ሰው ብዙ አይመስለንም።

ወደ አገር የመመለሳቸው ነገር ለእኛ ለስደተኞች ጠንቅቀን የምናነበው ምዕራፍ ነው። ከስዊድን እንደተመለሱ ምሕረት ኃይሉን አገቡና ወዲያው ጉዞ ጀመሩ። በመሐል አገር የሚያልፈው መንገድ ለሚሲዮን ሰዎች ስለተዘጋ በሱዳን በኩል ዞረው፣ ከምዕራብ ድንበር ወለጋ ለመግባት አሰቡ። አሶሳ አካባቢ ከደረሱ በኋላ መንገዱ እንቢ አላቸው፤ በ1882 ወደ ካርቱም ተመለሱ። እዚያም ንዳድ ጣላቸው። የማኅዲ ጦርነት በተቀጣጠለበት ወራት እንደምንም ተርፈው ወደ ምጽዋ ደረሱ። በ1886 ሁለተኛ ሞከሩ፤ በእንጦጦ በኩል። ከዚያም እንዳያልፉ ተከለከሉና እንደገና ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ተመለሱ። በመጨረሻ ነቀምቴ የገቡት በ1904 ነው። ነጻ ከወጡበት ከ1870 ብንቆጥር ሠላሳ አራት ዓመት መሆኑ ነው። ከእኛ ውስጥ ድንበሩን ሁለቴ ሞክሮ የተመለሰ ሰው አይጠፋም፤ ይህን ቁጥር እርሱ ከሁላችን ይልቅ ያነበዋል።

በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ምን ተሠራ? በምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በምትባል ቦታ፣ በዚያ ሙቀት፣ አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ። በ1894 የንባብ መማሪያ መጽሐፍ ታተመ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በስዊዘርላንድ፣ ቅዱስ ክሪስኮና በተባለ ቦታ ታተመ። ሦስቱም መጻሕፍት የተዘጋጁት ደራሲዎቹ አገራቸውን ዳግመኛ ሳያዩ ነው። «አገር ስንገባ እንጽፋለን» የሚል ቃል በዚህ ሠፈር ሲነገር ብዙ ጊዜ ሰምተናል፤ እኛም ብለነዋል።

ከሦስቱ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ መጽሐፍ ቅዱሱ ነው። እኛ ዛሬ ልንመዝነው የምንፈልገው መካከለኛውን፣ የ1894ቱን መማሪያ ነው። በኦሮምኛ ስሙ «ጀልቀበ በርሲሳ» ይባላል፤ የማስተማር መጀመሪያ እንደማለት። (በእንግሊዝኛው አርዕስት ላይ ሕዝቡ በዚያ ዘመን በሌሎች ይጠራበት የነበረው፣ ዛሬ ግን እንደ ስድብ የሚቆጠረው ስም አለ፤ አንደግመውም።) በውስጡ ተረት አለ፤ ምሳሌያዊ አነጋገር አለ፤ ዘፈን አለ፤ እንቆቅልሽ አለ። የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው።

ከዚያ በፊት በኦሮምኛ ጨርሶ አልተጻፈም ብንል ውሸት ይሆናል። ክራፕፍ የተባለው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ከወንጌል ክፍሎችን አስተርጉሞ አሳትሟል። ከዚህ የሚያስደንቀው ግን የቱቼክ ነገር ነው። ካርል ቱቼክ የተባለ የሙኒክ ሰው በባርነት ተሸጠው ጀርመን አገር ከደረሱ የኦሮሞ ወጣቶች አፍ ቃላት እየሰበሰበ መዝገበ ቃላት አዘጋጀ፤ በ1844 ሙኒክ ታተመ። እዚህ ላይ ቆም እንበል። በሙኒክ ወጣቶቹ ተጠያቂ ነበሩ፤ ጠያቂው፣ ጸሐፊውና የመጽሐፉ ባለቤት ቱቼክ ነው። የመጽሐፉም አንባቢ የጀርመን ሊቅ ነው። በእምኩሉ ግን ከባርነት የወጣው ሰው ራሱ ጠያቂ፣ ራሱ መላሽ፣ ራሱ ጸሐፊ ሆነ፤ አንባቢ ይሆናል ተብሎ የታሰበውም ፊደል ሊቆጥር የተቀመጠ የኦሮሞ ልጅ ነው። በእኛ ግምት በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ያለው ሃምሳ ዓመት የሚለካው በዚህ ነው።

«ራሱ» አልን እንጂ ብቻቸውን አልነበሩም። ኦነሲሞስ ቋንቋቸውን በልጅነት ተነጥቀው፣ ስዊድንኛና ሌላውን ሲማሩ ጎልምሰው ነበርና ቃል ያጥራቸው ነበር። ትልቅ ሰው ሆኖ በልጅ ቃላት መጽሐፍ መተርጎም ምን ያህል እንደሚያስቸግር አስቡት። በዚህ ጊዜ አስቴር ጋኖ መጡ። አስቴር በ1872 ገደማ ነጻ ሆና የተወለደች ልጅ ነበረች፤ የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋት። ከዚያም ወደ ዓረብ አገር ልትሸጥ በጀልባ ስትወሰድ በ1886 የጣሊያን መርከብ ጀልባውን ያዘው። አሥራ አራት ዓመት ገደማ ቢሆናት ነው። እምኩሉ ትምህርት ቤት ገቡ፤ (ከዚህ ወዲህ አንቱ እንላለን) ኦነሲሞስም ይህች ተማሪ ለቋንቋው ልዩ ጆሮ እንዳላት ደረሱበት። አስቴር ለትርጉሙ የሚያስፈልገውን የቃላት መዝገብ አጠናቀሩ። ከዚያም ወደ 500 የሚጠጉ ዘፈኖችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌዎችንና እንቆቅልሾችን ከራሳቸው ትዝታ ጻፉ። ብዙዎቹ በ1894ቱ መማሪያ ውስጥ ገብተዋል።

ከትዝታ! ከመንደር ወደ ንጉሥ ግቢ፣ ከንጉሥ ግቢ ወደ ነጋዴ፣ ከነጋዴ ወደ ጀልባ ያለፈች የአሥራ አራት ዓመት ልጅ 500 ነገር በቃሏ ይዛ መውጣቷን እስኪ እናስበው። ባሪያ ፈንጋይ ሰውን ሲወስድ በመጀመሪያ የሚያደርገው ስሙን መለወጥ፣ ቀጥሎም ከቋንቋው ተናጋሪ መለየት ነው፤ እርስ በርሱ እንዳይመካከር፣ ከየት እንደመጣ እንዳያወራ። አስቴርን የገዛም የሸጠም ሰው ሁሉ ከእርስዋ ላይ ያልወሰደው ይህን ብቻ ነው። እንዳላት አያውቅም ነበራ።

ለመሆኑ እንቆቅልሽ ምንድን ነው? በእኛ አገር ልጆች «እንቆቅልህ» ሲባሉ «ምን አውቅልህ» ይላሉ፤ ካቃታቸው ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል። አገር የሌለው ልጅ አገር ይሰጣል፤ ጎጃምን፣ ጅማን፣ ሐረርን፣ እንደ ንጉሥ። ያንን ጨዋታ ነው እንግዲህ ከአገሯ ተሸጣ የወጣች ልጅ በማታውቀው የባሕር ዳርቻ ተቀምጣ ስትጽፍ የከረመችው።

ከመጽሐፉ ጥቂት ገጾች በእጃችን የገቡት ባለፈው ወር ነው። አንድ ወዳጃችን ቅጂውን በስልኩ ይዞት መጣ፤ እኛም ለሻይ የያዝነውን ገንዘብ ቡሉክ ለሚገኝ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍለን በወረቀት አወጣነው። የምናስተምርበት ክፍል እዚያው ቡሉክ ስለሆነ ማታ ማታ እዚያ ተሰበሰብን። ቡሉክ ከቱርክኛ የመጣ የጦር ቃል ነው፤ አንድ የወታደር ጓድ ማለት ነው። አያቶቻችን በጣሊያን ጊዜ ቡሉክባሽ ሲሉ የሰሙት ይኸው ቃል ነው። የግብፅና የቱርክ መንግሥት ሱዳንን የወረረው በ1820 ሲሆን ከዓላማዎቹ አንዱ ከዚህ ከደቡቡ ሕዝብ ባሪያ እየፈነገሉ ወታደር ማድረግ ነበር፤ ቡሉኮቹ የሚሞሉት በእነዚህ ሰዎች ነበር። ከጁባ ወንዙን ተሻግሮ ባለው በጎንዶኮሮ ደግሞ በ1871 ሳሙኤል ቤከር የባሪያ ንግድን ላጠፋ መጣሁ ብሎ የግብፅን ባንዲራ ሰቀለ። ሂካ ምጽዋ ላይ ነጻ ከወጣ አንድ ዓመት መሆኑ ነው። የዚህ አገር ሰዎች ታሪኩን ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል፤ እኛ ሠፈሩን በስሙ ብቻ ስንጠራው ስለኖርን ማንሣታችን ነው።

ወደ ንባቡ እንመለስ። ወረቀቱን በመጀመሪያ የሰጠነው ኦሮምኛ አፉን ለፈታበት ወጣት መምህር ባልንጀራችን ነው። አየው፣ አገላበጠው፣ መለሰልን። እርሱ የተማረው ከ1991 ወዲህ በተተከለው በቁቤ፣ በላቲን ፊደል ነው፤ ግዕዙን ለአማርኛ ያውቀዋል እንጂ ኦሮምኛ ሲጻፍበት አይቶ አያውቅም። ሁለተኛ የሰጠነው የውሃ ቦቴ ለሚነዱት፣ ሁላችን ጋሼ ለምንላቸው ሰው ነው። እሳቸው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ በልጅነታቸው ፊደል የቆጠሩት በኦሮምኛ ነው፤ ያን ጊዜ ትምህርቱ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ሲሰጥ ሁሉም የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። መነጽራቸውን አስተካክለው ጀመሩ። ሁለት ሦስት ቦታ ተደናቀፉ፤ ወደ ኋላ ተመልሰው ደግመው አነበቡ፤ ከዚያ መሳቅ ጀመሩ። መልሱን በመዳፋቸው ሸፈኑና ጥያቄውን በአማርኛ መልሰው ጠየቁን። ማናችንም አልመለስንም። «በሉ አገር ስጡኝ!» አሉ። ወጣቱ «ጁባን ወስደዋል» አላቸው። «እሷማ የሰው ናት፣ ሌላ» አሉ። ነቀምቴ፣ መቱ፣ ጊምቢ እየተባለ ተሰጣቸው፤ ሁሉንም እሺ እያሉ ተቀበሉ። በመጨረሻ መዳፋቸውን አነሡልን።

ከዚህ ላይ በመጽሐፉ ላይ ያለንን ነቀፌታ መሰወር አይገባንም። ጋሼ የተደናቀፉት በዓይናቸው ድካም ብቻ አይደለም። ኦሮምኛ አምስት አናባቢዎች አሉት፤ እያንዳንዳቸው አጭርና ረዥም አላቸው፤ የተናባቢው መጥበቅና መላላትም ትርጉም ይለውጣል። የግዕዝ ፊደል እነዚህን ሁሉ ለይቶ አያሳይም። በአማርኛም «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉን ይሁን ጊዜውን የሚለየው አንባቢው ነው፤ በኦሮምኛ ግን ችግሩ በየመስመሩ ይመጣል። ስለዚህ መጽሐፉን ማንበብ የሚችለው ቋንቋውን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ነው። ለመማሪያ መጽሐፍ ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም። ነገር ግን በፊደል መለወጥ የመጣውን መዘጋት በኦነሲሞስ ማሳበብ አይቻልም። በ1894 የታተመውን ዛሬ አያት አንብቦ ካልተረጎመለት በስተቀር የልጅ ልጅ አያነበውም። ይህ ሥራ የማን እንደሆነ ለመናገር እኛ ሥልጣን የለንም፤ ቡሉክ ውስጥ ግን ጋሼ እያነበቡ ወጣቱ በቁቤ መገልበጥ ጀምረዋል። እስካሁን አራት ገጽ ሆኗል።

ሁለተኛው ነቀፌታችን ከበድ ይላል። በመጽሐፍ ቅዱሱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በተርጓሚነት የተጠራው ኦነሲሞስ ብቻ ነው። አስቴር የሉም። ቱቼክ ሙኒክ ላይ ያደረገውን ነገር፣ ባነሰ መጠንም ቢሆን፣ እምኩሉ ላይ ደግመን እናየዋለን፤ ቃል ያቀበለ አንድ፣ በስሙ የተጠራ ሌላ። ይህን የምንለው ሰውየውን ለማሳነስ አይደለም። የዘመኑ ልማድ እንደሆነም እናውቃለን። ግን ልማድ ነበር ብሎ ማለፍ ከጀመርን ባርነትም ልማድ ነበር።

አሁን ያቆየነውን የአንቱ ነገር እናምጣ። ታሪኩ በቃል ሲነገር ልብ ብለን ሰምተናል፤ ባልንጀራችን በቁጣ «አልታገለም» ብሎ አንተ ቢላቸውም፣ ሌላው ሰው ሁሉ «ኦነሲሞስ ተረጎሙ፣ አስተማሩ» ይላል፤ ወዲያው ግን «አስቴር የምትባል አንዲት ልጅ ረዳቻቸው» ብሎ ይቀጥላል። አንዲት ልጅ! አስቴር በ1904 ከእነ ኦነሲሞስ ጋር ወደ ወለጋ ተመልሰው አስተማሩ፤ በ1964 ሲሞቱ ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። በተራኪው አፍ ግን እስከ ዛሬ ከጀልባው አልወረዱም። ሌሎች ቋንቋዎች ይህን ዓይነት በደል ደብቀው ያልፉ ይሆናል፤ አማርኛ ግን በግሱ መጨረሻ ላይ ያጋልጠናል። ስለ እኒህ ሰዎች የሚጽፍ የመጽሔታችን ተሳታፊ ሁሉ ግሱን ልብ እንዲልልን እንለምናለን።

ወደ ባልንጀራችን ሙግት እንመለስ፤ እውነት ያለበትን እውነት ማለት ግዴታችን ነው። ኦነሲሞስ በአዳራሽ ቆመው ባርነት ይወገድ ብለው ሕዝብ እንደ ዳግላስ አልቀሰቀሱም። ነቀምቴ የገቡት በአገረ ገዢው በደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በኩምሳ ሞሮዳ፣ ፈቃድ ነው፤ በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ሁሉ ባርነት አልተወገደም ነበር። በ1906 ተከሰው ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ እንዲሰደዱ ተፈርዶባቸው ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን ለውጠው፣ ወደ ነቀምቴ ተመለስ፣ ስብከት ግን ተው አሏቸው። የተከሰሱት በባሪያ ንግድ ላይ ተነሥተው አይደለም፤ በሃይማኖት ነው። ይህንንም አንሸሽገውም። በ1931 ሲሞቱ ባርነትን ፈጽሞ የሻረው አዋጅ ገና አልወጣም፤ እርሱ የወጣው በ1942 ነው። አዋጁን ለማየት የታደሉት አስቴር ናቸው።

ይሁን እንጂ ዳግላስ የጻፈው ለማን ነው? አንባቢው ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር። በእንግሊዝኛ የሚያነብ፣ ጋዜጣ የሚገዛ፣ የምክር ቤት አባል የሚመርጥ ሕዝብ ነበረ። ከዚህ አገር፣ ከዲንቃ በልጅነቱ ተፈንግሎ የተወሰደው ሳሊም ዊልሰንም ቀሪ ዕድሜውን በእንግሊዝ አገር ኖሮ ስለ ባርነቱ በእንግሊዝኛ ጽፏል። ሁለቱም ለጌቶች ወገን በጌቶች ቋንቋ መሰከሩ፤ ያስፈልግ ነበርና ደግ አደረጉ። ኦነሲሞስና አስቴር ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ተሸጡት ወገን ነው። በዚያ ወገን ቋንቋ ደግሞ የሚያነብ ሰው ከመኖሩ በፊት መማሪያው መኖር ነበረበት። ባልንጀራችን «መማሪያ መጽሐፍ ትግል አይደለም» ካለን፣ ለሰው «አንተ ዕቃ አይደለህም» ብሎ መንገር እና የአያቱን እንቆቅልሽ በታተመ ወረቀት ላይ በእጁ ማስያዝ የትኛው ይበልጥ እንደሚገባው ሄዶ ማናቸውንም የሰባት ዓመት ልጅ ይጠይቅልን።

ይህን ስንጽፍ በራሳችን ላይ የሚመሰክር ነገር ትዝ ይለናል። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ስናስተምር አንድ ዕጩ መምህር ለማስተማር ልምምድ አንደኛ ክፍል ገብቶ ትምህርቱን በእንቆቅልሽ ጀመረ። ልጆቹ ከመቀመጫቸው ተነሥተው መልሱን ይሻሙ ነበር። እኛ ከኋላ ወንበር ተቀምጠን በግምገማ ወረቀቱ ላይ «ጊዜ ያባክናል» ብለን ጽፈን ነጥብ ቀነስንበት። ያ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ አናውቅም። ነጥቡን የምንመልስለት መንገድ የለንም።

ስለዚህ አዘጋጆቻችንን የምንጠይቀው የልጆች ዓምድ እንዳይነሣ ነው። ቦታ የሚጠብ ከሆነ የእኛ ሂስ ይጠር፤ ይህ የዛሬው ራሱ ረዝሟል። ዓምዱም በአማርኛ ብቻ እንዳይሆን እንጠይቃለን፤ በሠፈሩ ውስጥ አኙዋክኛ፣ ኦሮምኛ፣ ኑዌርኛ የሚናገሩ እናቶች እያሉ እንቆቅልሹን ሁሉ ከአማርኛ መቅዳታችን ስንፍና ነው። የማንችለውን ቋንቋ የሚጽፍልን ልጅ በየቤቱ አለ። እናቱ ትንገረው፤ በሰማው ፊደል ይጻፈው፤ ስሕተቱን ኋላ እናያለን። ከሥሩ የነገረችውም የጻፈውም ስም ሁለቱም ይግባ።

የወረቀቱን ነገር በተመለከተ፣ ቡሉክ ከምናስተምርበት ክፍል ያለፈው ዓመት የፈተና ወረቀቶች ሊጣሉ ሲሉ ለምነን ወስደናል። ጀርባቸው ባዶ ነው። ስድሳ ሁለት ቅጠል ቆጥረን ከዚህ ጽሑፍ ጋር ቅዳሜ በሚመጣው መኪና ልከናል፤ ከላይ ያለው ቅጠል ላይ ጋሼ ከዚያ ማታ እንቆቅልሾች አንዱን በአማርኛ ገልብጠውታል። መልሱን አልጻፉትም።